ሰም ያለበት ቆርቆሮ

ዘንድሮ፣ በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ መምህራችን «ሹም ለሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት» ብለው ሲያስረዱን በጥንቃቄ ጻፍሁ። ትክክል ነውና። ነገር ግን እጄ እየጻፈ ሐሳቤ ጉለሌ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ፣ አንድ የበቅሎ ጋጣ ውስጥ።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን አንዲት ክፍል ናት። አስተማሪያችን ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለነበሩ የኔታ እንላቸዋለን። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሌላ ቤት ተነቅሎ የመጣ በመሆኑ የድሮ ሚስማር ቀዳዳ ሞልቶበታል። ስለዚህ የኔታ ከእንጦጦ ማርያም የጧፍ ቁራጭ እየለቀምን እንድናመጣ ያዙናል፤ ሰሙን በእጃችን አለዝበን፣ አግዳሚ ላይ ቆመን፣ ቀዳዳውን ከውስጥ እንደፍናለን። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ትልቁን ቀዳዳ የደፈንሁት እኔ ነኝ። የአውራ ጣቴ ምልክት ሰሙ ላይ ቀርቶ ነበር። ትምህርት ሲሰለቸኝ እሱን አያለሁ።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ማለዳ ስንመጣ ጣሪያው የለም። የቀረው እንጨቱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚያዘው ጣሊያን በአስተርጓሚ በኩል ለየኔታ የነገራቸው አጭር ነበር፦ ዝናሙ ሳይበረታ ጣሪያው ካልተመለሰ ቤቱ የድርቆሽ ማከማቻ ይሆናል፤ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሸክሟን አወረደች። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ እየወረደች የምታሳድገኝ እሷ ናት። ትምህርት ያስገባችኝም «ለአንድ ቤት አንድ ጎባጣ ይበቃል» ብላ ነው።

የሰፈራችን ሹም፣ ጣሊያን የሾማቸው የአገራችን ሰው፣ አውጫጭኝ ጠሩ። ሌባው እስኪታወቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚቀመጥበት የቆየ ልማድ ነው። የቀረ ይቀጣል። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም ስሙን ሳይጠሩ «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጡታል።

ሜዳው ላይ ተቀመጥን። በማግሥቱም ተቀመጥን። ወፏ ዝም አለች። እናቴ ማገዶ አላወረደችም፤ ቤታችንም የሚበላው እየሳሳ ሄደ። አጠገባችን የተቀመጠው ባለሱቅ ጎረቤታችን ሱቁን ዘግቶ ስለመጣ አንጀቱ አሯል።

«እኛ ሁላችን እዚህ ከተገተርን፣ ዛሬ በሰፈሩ ሥራ ላይ ያለው ሌባው ብቻ ነው» አለ።

«ኧረ ሌባውም እዚሁ ነው» አለች እናቴ። «የቀረ ይቀጣል አልተባለም? እሱ ቀርቶ ራሱን የሚያሳውቅ ሞኝ መሰለህ?»

«እንግዲያማ ከእኛ ጋር ተርቧል። አላህ የእጁን ሰጠው።»

ሰው ሳቀ። ሹሙ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ዝም በሉ!» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሜዳው ላይ መጠለያ የለም። ሰው መበተን ሲጀምር ሹሙ ተቆጡ። «አውጫጭኝ አይፈታም! ወደ ግቢዬ ግቡ። አዲሱ ጋጣ ይበቃችኋል።» ይህን ያሉት እንግዳ ተቀባይ ለመባልም ይመስለኛል፤ ጋጣውን ገና ማንም አላየውም ነበር።

በቅሎዋን ገፋ አድርገን ተጠጋግተን ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁላችንም ሳናስበው ቀና አልን። ከላያችን ቢጫ ሰም፣ እዚህም እዚያም፣ እንደ ብጉር ተለጥፏል። እኔ የአውራ ጣቴን ምልክት አገኘሁት፤ ከበቅሎዋ ራስ በላይ ነበር። አፌን ስከፍት የየኔታ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጫን አለኝ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ባለሱቁም የበቅሎዋን አንገት ያሻሽ ጀመር። በጋጣው ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም፤ ደህና አድርገን ደፍነነዋል።

ሹሙ ሰሙን ከዚያ በፊት ልብ ብለውት ስለማያውቁ አልገባቸውም። «እህ» አሉ ለሽማግሌዎቹ፣ «ወፏ ዛሬስ ምን አለች?»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ዱላቸውን ተደግፈው «ጌታዬ፣ ወፏ አልተናገረችም» አሉ። «ቀና ብላ አየችና ዝም አለች።»

ሹሙም ቀና አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ዝናቡ ሳያባራ አውጫጭኙ ተፈታ፤ ሌባው አልታወቀም ተባለ። ሁላችንም በዝናብ እየበሰበስን ወደየቤታችን ሄድን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሹሙ ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ «ለገሱ»፤ የክፍሉን እኩሌታ የሚያለብስ። ጣሊያኑ መጣ፤ የሹሙን እጅ ጨበጠ። እኛ ተሰልፈን አጨበጨብን። የኔታ በደከመ ድምፅ ምስጋና አቀረቡ። እናቴ ሸክሟን አጥሩ ላይ አስደግፋ ቆማ ነበር፤ ሹሙ ሲያልፉ እጅ ነሳች።

ማታ «ለምን እጅ ነሳሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቤቱ ድርቆሽ እንዳይገባበት ነዋ» አለች። «ወገቤ እንደሆነ ለምዶታል።»

የቀረውን እኩሌታ ወላጆች ሣር ከደኑበት። ትምህርቱም ቀጠለ፤ ዛሬ ይህን መጻፍ የቻልሁት በዚያ ነው። ክፍል በገባን የመጀመሪያው ቀን ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ፈለግሁ። የሌሎች ልጆች ሰም ነበረበት። የእኔ ግን አልተመለሰም፤ ጋጣው ውስጥ፣ ከበቅሎዋ በላይ እንደ ቀረ ነው። ከመስኮቱ በላይ ሣሩ ያፈስ ስለነበር ያን ክረምት ቦታዬን ቀይሬ ተቀመጥሁ።