ባለ አንድ ዓይኑ አከራዬ

አከራዬ በማንም ፊት ሲንበረከክ ታይቶ አይታወቅም ነበር። እመቤታችን እግር ሥር ያንበረከክሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም በቀለም።

በቡና አገሯ በአማን ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የፀጉር ቤትና የጭማቂ ቤት ማስታወቂያ እስላለሁ። አከራዬ የቡና ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከግቢው በር ቀድሞ የሚገባ፣ ልቡ ግን እንደ ቅቤ የሆነ ሰው። አንድ ቁስል ነበረበት። ሸዋ ቤንች የሚኖሩት ታላቅ እህቱ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝለው ያሳደጉት፣ አኩርፈውታል።

ኩርፊያውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የእህቱ ባል የሞቱ ጊዜ እሱ ቴፒ በኩል ነበር። ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። «ዝናቡ ሳይመታብኝ ልሰብስብና እደርሳለሁ» ሲል ቀብር አመለጠው። ቀብር! እኛ አገር ሠርግ የቀረ ሰው በሁለተኛው ቀን ይሳቅበትና ያልፋል፤ ቀብር የቀረ ግን ወዮለት። ሲደርስ እህቱ ከድንኳኑ እንኳ አላስገቡትም።

«ባሌ አፈር ሲገባ ያንተ ቡና አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር» አሉት። «በል ሂድና ቡናህን እህቴ በላት። ዓይንህን እንዳላይ!»

ሽማግሌ ቢላክ አይሆንም፣ ንስሐ አባት ቢላኩ አይሆንም። አከራዬ አንዳንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ይቀመጥና «መምህር፣ እሷን ሳልታረቅ ብሞት ማን ነው የሚያለቅስልኝ?» ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ነገሩን ያለሰለሱት ጎረቤታችን፣ ከጅማ የመጡት ባለሱቅ ሐጂ ናቸው። እህትየው «አንድ ጊዜ መጥቼ ዓይኑን አየዋለሁ፤ አንጀቴ ካልራራ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እመለሳለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። አከራዬ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። እህቱ ለእመቤታችን ሟች ስለሆኑ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ሥዕል ሊሰቅል ወሰነ።

ይኼኔ ነው እኔን ምላሴን የበላኝ። ያን ሰሞን ለተማሪዎቼ ስለ ጥንቱ አውሮፓ እያስተማርሁ ነበር። «ጋሼ፣ ድሮ ፈረንጅ አገር» አልሁት፣ «የሱፍ ጨርቅ ነጋዴው በወለድ ሲያበድር፣ መስፈሪያ ሲያጎድል ይኖርና ሲኦል ትዝ ሲለው ሰዓሊ ይቀጥራል። ማርያምን ያስላል፤ ራሱንም እግሯ ሥር ተንበርክኮ ያስላል። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሁሉ ያየዋል፤ ቢያንስ ጎረቤት ተጸጽቷል ይለዋል።»

ዓይኑ በራ። «የሱፍ ነጋዴ ካደረገው የቡና ነጋዴ ምን ያንሰዋል?»

የኮምፔርሳቶ ጣውላ ተገዛ፣ ሥራ ጀመርሁ። እንደ ጥንቶቹ አድርጌ ጥግ ላይ ትንሽ ሰው ሳልሁ። አከራዬ አየና «ምንድን ነው ይሄ፣ ድመት ነው?» አለኝ። ከፍ አደረግሁት። በማግስቱም «ትከሻዬ ጠቧል» አለ። ፈረንጅ አገር ያ ከፍሎ የሚያስለው ሰውዬ ከጥግ ተነሥቶ ቅዱሳኑን በቁመት እስኪደርስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል፤ አከራዬ ያንን ሁሉ ዘመን በሳምንት ጨረሰው። ጭራሽ የጭነት መኪናው ከበስተኋላ እንድትታይ ሲጠይቀኝ «ጋሼ፣ ንስሐ ነው ማስታወቂያ?» ብዬ አስቆምሁት።

ለእመቤታችን ልብስ የሚሆነው ሰማያዊ ፈረንጅ አገር ባሕር ተሻግሮ ከሚመጣ ድንጋይ ይፈጭ ነበር፤ ከወርቅ እኩል ይወደድ ነበር ይባላል። የእኔ ሰማያዊ ከግቢው በር ቀለም የተረፈ ነው። ስለዚህ እመቤታችንና የግቢው በር አንድ ዓይነት ለበሱ። አከራዬን ግን ስልኬ ላይ በድሮ ሥዕሎች ካየኋቸው ነጋዴዎች አንዱን አስመስዬ በጎኑ ሳልሁት፦ እጆቹ ተገጣጥመው፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን። አማረብኝ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ።

ቀኑ ደረሰ። አከራዬ ተሸክሞ እህቱ እግር ላይ የሚወድቅበትን የይቅርታ ድንጋይ በር ላይ አዘጋጅቷል። እህትየው ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው ከሐጂ ጋር ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሥዕሉን ሲያዩ አማተቡ፣ እጅ ነሡ። ከዚያ ዝቅ ብለው የተንበረከከውን ሰው አዩ።

«ይሄ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እህት ዓለም» አለ አከራዬ።

«ባንድ ዓይን?»

እህትየው ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ቀሰሩ።

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎኑ፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው!»

እኔ ያደግሁት ግድግዳው ባዶ በሆነ የጴንጤ ጸሎት ቤት ነው፤ ይህን ማን ይንገረኝ? አከራዬም ቢሆን ደጀ ሰላሙን ከውጭ ተሳልሞ ወደ ቡናው የሚሮጥ ሰው ነው። ዞሮ አየኝ። አቤት አስተያየት! ክፍሌን ስለቅ፣ ፍራሼ ጋሪ ላይ ሲጫን ታየኝ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ግድ የለም፣ አንድ ዓይንም ሐምዱሊላህ ነው» ቢሉም የሰማቸው የለም።

ድንገት የእህትየው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ ነበር።

«ቀብር ስለቀረህ ነው? ለዚህ ብለህ ነው ራስህን ከይሁዳ የደመርከው?»

ነጋዴ ነጋዴ ነው፣ ገበያ ሲዞር አይጠፋውም። አከራዬ ጉልበቱ ላይ ዘጭ አለ። «አዎ እህቴ፤ ይገባኛል!» መጀመሪያ የተንበረከከው ለብልጠት ይመስለኛል፤ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ግን ብልጠቱ አለቀና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እህቱ አቀፉት። ሐጂ መረቁ። ድንጋዩ በር ላይ ተረስቶ ቀረ።

ከዚያ እህትየው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ታርቀናል። በል ሁለተኛውን ዓይን ጨምርለት።»

«እትዬ፣ በጎን በተሳለ ፊት ላይ የት ይገባል?»

«እዚያው አጠገቡ!»

ብሩሼን አመጣሁ። ይኸው ዛሬም አከራዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ አፍንጫው ወደ እመቤታችን፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ እኛ እንደሆኑ አለ። እንግዳ ሁሉ ያየውና ስኒውን ያነሣል።

ያን ቀን ዓይኑን እየሳልሁ ሳለ እህትየው ቀስ ብለው አጠገቤ መጡ።

«ይሄ ጅል ወንድሜ ስለ አንድ ዓይኑ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ አይደል?»

ብሩሼን ከዓይኑ ላይ አነሣሁ። «አልነበረም እትዬ። እኔም አላውቅም ነበር።»

«ገብቶኛል» አሉ። «እኔ እንደሆንሁ ናፍቆቱ ከገደለኝ ቆይቷል። ያጣሁት የመታረቂያ ሰበብ ነበር።» ወደ ወንድማቸው ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዳትነግረው። በል ቅንድቡንም አትርሳ።»