በሰንበሌጥ ለክቼ የገዛኋቸው ፉርጎዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ጎንደር ገበያ ውስጥ የፈረንጅ ዕቃ እንደ ጎመን ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህ ግን አልረሳ ብሎኛል። የሰፈር ልጆች አንዱ የሌላውን ልብስ ከኋላ ይዞ «ባቡር! ባቡር!» እያሉ ሲሮጡ ስሰማ ተነሥቼ በሬን እዘጋለሁ። ክፉ አሮጊት ይሉኛል። ይበሉ።

እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ የነበረኝ ሰው ታላቅ ወንድሜ አያ አለሙ ብቻ ነበር። አስመራ ሄዶ ባቡር ላይ ተቀጠረ። ሥራው ፉርጎዎቹን እርስ በርስ ማያያዝ ነው። ለበዓል ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ባቡር ነበር። አንድ ማኪና ያን ሁሉ ቤት የሚያህል ፉርጎ አስከትሎ ይሄዳል ሲለኝ፣ እኔ ባቡር የት አውቄ፣ «ኧረ በል ተወኝ» ብዬ እስቅበታለሁ።

«ቆይ፣ አምጥቼ አሳይሻለሁ» አለኝ አንድ ጊዜ ሊሄድ ሲል።

በዚያው ክረምት ክፉ ወሬ መጣ። ፉርጎ ሲያያይዝ ዝናብ ነበርና እግሩን አዳለጠው፤ ቀኝ እጁ መሀል ገብቶ ቀረ አሉኝ።

በሊማሊሞ በኩል በጭነት ማኪና መጣ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። በግራው በያዛት ቦርሳ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ባቡር ነበረች፤ መጫወቻ። ጥቁርና ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ጎኗ ላይ ያለው ቁልፍ ሲጠመዘዝ የምትሄድ። ለእኔ ማሳያ ብሎ ነው የገዛት። ጎታቿ ብቻ ናት እንጂ ፉርጎ የላትም። ፉርጎዎቹን በኋላ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ እጁ ቀደመው።

ከዚያ በኋላ አያ አለሙ መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ካልለመንኩት አይበላም። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። «ምነው አያ አለሙ፣ ተነሥ እንጂ!» ስለው «ተይኝ እናኑ» ይለኛል። ሌላ ቃል አልነበረውም። ጎረቤት ሊጠይቀው ይመጣና እሱ እዚያው እየሰማ «እንግዲህ በአንድ እጁ ምን ሊሆን ነው?» ይላል። አንዷን እንዲያውም ነጠላዋን ይዤ ከቤቴ አስወጥቻታለሁ።

አንድ ቀን ቤት ስጠርግ መጥረጊያዬ ያቺን ባቡር ነካትና ትንሽ ተንከባለለች። አያ አለሙ ዞር ብሎ አያት።

«ፉርጎ ቢኖራት እኮ አሳይሽ ነበር» አለ።

መጥረጊያውን ጣልኩ። አሳይሽ ነበር! ስንት ወር ሙሉ ተይኝ ብቻ ሲል የከረመ ሰው! ፉርጎ ካገኘሁላት ወንድሜ ከዚያ መደብ ይነሣል ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ገበያ ጌሾ እሸጥ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጡት አያ ፈንታ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ከባዶ ጣሳ ኩራዝ እየሠሩ ይሸጣሉ። ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ጆሮዬን ያደነቁሩኛል። ስንጣላ ነው የምንውለው። ከማዶ ደግሞ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆችን ዕቃ እየገዛ የሚቸረችር ነጋዴ አለ። አንድ ቅዳሜ እዚያ፣ በአልጋና በድስት መሀል፣ ሦስት የቆርቆሮ ፉርጎ ተደርድሮ አየሁ። ጌሾዬን ጥዬ ሮጥኩ።

«ባቡሯስ?» አለኝ ነጋዴው።

«ቤት ናት።»

«እንግዲያ ይዘሻት ነይና አብረን እንያት። እስከዚያ አቆይልሻለሁ።»

«ወንድሜ እንዲያውቅ አልፈልግም። ድንገት ነው የማሳየው!»

እኛ ዘንድ ቤት ለተቀመጠ ሰው ጫማ ሲገዛ፣ እግሩ በሰንበሌጥ ይለካና ሰንበሌጡ ገበያ ይወሰዳል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። አያ አለሙ እንቅልፍ ሲወስደው ሰንበሌጥ ከባቡሯ ሥር አግድሜ፣ ከአንዱ መንኮራኩር እስከ ሌላው ለክቼ ቆረጥኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፉርጎዎቹን ለካኋቸው። ልክክ! አንዲት ፀጉር አላለፈም፣ አልጎደለም።

«ኧረ ሸጋ ነው!» አልኩ።

«ባቡሯን ብታመጫት ምን ነበረበት?» አለ ነጋዴው አሁንም።

«ልኩ ልክ ከሆነ ምን ቀረ?» ብዬ አፉን ዘጋሁት። ለፋሲካ ያሠራሁትን አዲስ ቀሚስ ለሚስቱ ሰጥቼ ፉርጎዎቹን ወሰድኩ። በምን እንደሚያያዙ ማን ያስባል? መንኮራኩሩ እኩል ከሆነ አለቀ ብዬ ነው። ባቡር አይቶ የማያውቅ ሰው የሚለካው እንደ ጫማ ነዋ።

ቤት ገብቼ ፊቱ ደረደርኳቸው። አያ አለሙ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ከመደቡ ወርዶ መሬት ተቀመጠ። «ውሃ አምጪልኝ» አለና ፊቱን ታጠበ። ባቡሯን በጉልበቶቹ መሀል አጥብቆ በግራ እጁ ቁልፏን ጠመዘዘ።

«አሁን ታያለሽ» አለኝ። ሳቀ! እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ፉርጎዎቹ እርስ በርስ ወዲያው ተያያዙ። ከባቡሯ ጋር ሲሆን ግን እምቢ አሉ። የባቡሯ ኋላ ወደ ላይ የተቆለመመ ሜንጦ አለው። የፉርጎው ፊት ደግሞ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ምላስ ነው። ሜንጦው የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። አገላበጠ፤ ሞከረ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«ማያያዣቸው ሌላ ነው» አለ። «የሌላ ባቡር ናቸው።»

«ምን ችግር አለው! በክር አስራቸዋለሁ!» አልኩና ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ ጣቶቼን በባቡሯና በፉርጎው መሀል አስገባሁ።

«እጅሽን አውጪ! አውጪ እጅሽን!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከወንድሜ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እጄን መታው። ባቡሯ ከጉልበቱ አምልጣ ብቻዋን ሄደችና በሩን መታች። ጎረቤት እየሮጠ ሲገባ አያ አለሙ ጉማጅ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞት ነበር።

«ያን ቀንም የሚጋጠሙ አልነበሩም» ይላል። «ማያያዣቸው ሌላ ነበር። በሰንሰለት አስራቸዋለሁ ብዬ ነው እጄን ያስገባሁት።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አዳለጠው የተባልኩትን ብቻ ነበር የማውቀው። እንዴት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ለወንድሜ ደስታ ብዬ የገዛሁት ያንኑ ነገር ኖሯል። ወይ አበሳዬ!

ከዚያ በኋላ ወደ መደቡ ተመለሰ። «ተይኝ» ማለቱንም ተወ። ያቀረብኩት ምግብ እንዳለ ይነሣል። ተከታዩ ክረምት ሳይወጣ ሞተ። ቄሱ የእግዜር ፈቃድ ነው አሉኝ። እኔ እንደሆነ ከእግዜር ጋር ዛሬም አልታረቅሁም።

ሐዘን ከወጣሁ በኋላ ባቡሯንና ፉርጎዎቹን ቤት ውስጥ ማየት አቃተኝ። ልሸጣቸው ገበያ ይዤ ወጣሁና ከጌሾዬ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። አያ ፈንታ መዶሻቸውን አኖሩ።

«ምነው፣ ባቡሯ ለብቻዋ?»

«አይገጥሙም፤ ማያያዣቸው ሌላ ነው» አልኳቸው።

«ይህማ ምን አላት!»

ከጣሳ ላይ አንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ቆረጡ። በአንድ ጫፏ ለሜንጦው ቀዳዳ በሱላት፤ በሌላው ጫፏ አጥፈው ምላሱን አስነከሷት። በመዶሻ ቸብ ቸብ አደረጓት። እኔ ለአንዲት ሴት ጌሾ ሰፍሬ ሳልጨርስ አለቀ። ያ ከማዶ ያለው ነጋዴ ረጅም ጠረጴዛውን ጠርጎ ሰጣቸው። ቁልፏን ጠምዝዘው ለቀቋት።

ሄደች። ሦስቱም ፉርጎ ተከታትሎ ሄደ፤ ልክ አያ አለሙ እንዳለኝ። ገበያተኛው ተሰብስቦ አጨበጨበ፤ ሳቀ። በየቅዳሜው ክንዴ ከክንዳቸው እየተነካካ ተቀምጬ መቀጥቀጣቸውን ስረግም ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን ተመልከቱልኝ አላልኳቸውም።

«ምነው እናኑ፣ አላማረሽም እንዴ?» አሉኝ አያ ፈንታ።

«አማረኝ» አልኳቸውና ጌሾዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አልሸጥኳትም። እስከ ዛሬ እንደተያያዘች መደቡ ላይ፣ እሱ በተኛበት አለች፤ ቁልፏን ግን ነክቼው አላውቅም። የሚያዩዋት ሁሉ ማስታወሻ ተረፈልሽ ይሉኛል። የቱ ማስታወሻ? እሱ አሳይሻለሁ ያለኝን ባቡር ገበያተኛው ሁሉ አየው፤ እኔም አየሁት። አያ አለሙ ብቻ አላየውም።