ሳይባረክ የወጣ ዳቦ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ራት የሚያልቀው በተረት ነበር፤ ራት በሌለበትም ቀን ተረቱ አይቀርም። ያኔ የምንኖረው ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ የጎጆ ክዳን በሚገፍበት ደጋ ላይ ነው። መሸት ሲል በሩ ይዘጋል፣ ምድጃው ላይ ኩበት ይደረደራል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላውና እኛ ልጆቹ ዓይናችንን እያሸን አብዬን እንከባለን። አብዬ የምላቸው አያቴን፣ የእናቴን አባት፣ አብዬ ታከለን ነው። የሚካኤል ሰንበቴ ሙሴ ነበሩ። የከተማ ልጅ ሰንበቴን በስም ብቻ ስለሚያውቀው ልንገረው፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በየተራው ዳቦና ጠላ አምጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አብሮ የሚቀምስበት ነው፤ የተረፈው ለነዳያን ይወጣል። ሙሴ የሚባለው ደግሞ የማኅበሩ አለቃ፣ ሥርዓት አስከባሪውና ዳቦ ቆራሹ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ አለቃ ነኝ እያለ ይጮኻል። አብዬ ሲገቡ ሰው የሚነሣላቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ነበር።

ተረት ሲያወሩ አይቸኩሉም። ፍሙን በጭራሮ ይገልጡታል፣ እስኪቀላ ያዩታል፣ ከዚያ ይጀምራሉ። እኛ ከሁሉ የምንወደው የድንጋዩን ነበር። ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ ዳር ክብ ድንጋይ አለ፤ ድፎ ዳቦ ይመስላል፣ ከላይም እንደ ዳቦ ተሰነጣጥቋል። ዱሮ እውነተኛ ዳቦ ነበር ይሉናል አብዬ። ባለቤቱ ንፉግ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ የሙት ልጆቿን አስከትላ ብትለምነው «የለኝም፤ መሶቤ ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው» ብሎ በሚካኤል ማለ። ሴትዮዋ ስትሄድለት ሊበላ ተቀመጠና መሶቡን ሲከፍት… አብዬ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፣ እኛ ሁላችን «ድንጋይ!» ብለን እንጮኻለን። ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ያን ድንጋይ «ንፉግ!» እያልን በርግጫ ነበር የምናልፈው። ያኔ ክፉ ሥራ ሁሉ እንዲያ ወዲያው የሚከፈል፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚታይ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ንጉሡ በዙፋናቸው ናቸው፣ ግብሩም አልቀረ፤ የቀረው ዝናቡ ነው። በስማዳ ቆላ ክረምት ላይ ክረምት ደረቀ፤ የእኛንም ገብስ ውርጭ መታው። የቆላው ሰው ቤቱን ዘግቶ ዳገቱን ይወጣ ጀመር፤ አንዳንዱ በሬውን ሸጦ፣ አንዳንዱ በሬው ሞቶበት። እኛም የጎታውን ሥር እየጠረግን ነበር። እንዲያም ሆኖ ሰንበቴው አልታጎለም። አብዬ «ሰንበቴ የታጎለ ዕለት አገር ፈረሰ» ይሉ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል እሑድ ዋለ። ጉሙ ምድሩን ሸፍኖታል፣ ካፊያው አያባራም። ተራው የእኛ ቤት ስለነበር ከእናቴና ከአብዬ ጋር ዳቦውን ይዘን በማለዳ ደረስን። ደጀ ሰላሙ አጠገብ አንዲት ሴት ጭቃው ላይ ተቀምጣለች፤ የኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ጭኗ ላይ ተደፍታለች። ዳቦው ገና ትኩስ ነበርና ሽታው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ መሰለኝ፣ ልጅቷ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ስለ ሚካኤል» አለች ሴትዮዋ። «ለዚች እንኳ ቁራሽ።»

አብዬ ልበ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያ የሚል ካለ እኔ አለሁ። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት፤ ደግፈው አንሥተው ከሰንበቴው ቤት ክዳን ሥር፣ ካፊያው ከማይደርስበት አስቀመጧት።

«ከወዴት ነሽ እናቴ?»

«ከስማዳ። ከወገዳ ወዲያ፣ ከቆላው።»

«ትንሽ ታገሺ እንግዲህ። ዳቦው አልተባረከም። ታቦቱ ዞሮ ሲገባ ቄሱ ይባርኩታል፤ የመጀመሪያዋ ቁራሽ ያንቺ ናት።»

ምነው በጮኸች፣ ምነው በተራገመች! «ግድ የለም አባቴ» አለች፤ «እኔም በአገሬ ሰንበቴ ነበረኝ። ሥርዓቱን አላጣውም።» ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር አፏን በመዳፏ ይዛ «ዝም በይ፣ ሳይባረክ አይበላም» አለቻት።

የዚያን ዕለት ንግሥ ነው። ቅዳሴው አለቀ፣ ታቦቱ ወጣ፣ ከበሮው፣ እልልታው። ደብተራው ሁሉ ድምፁን ለማሳየት ተፎካከረና ወረቡ አላልቅ አለ። ዳቦው ከውስጥ በሰፌድ ተከድኗል፣ እሷ ከውጭ ጀርባዋን አስደግፋለች፤ መካከላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ታቦቱ ሲገባ ቄሱ መጥተው ባረኩ። አብዬ ቆረሱ፤ ቃላቸውን አላጠፉም፣ የመጀመሪያዋን ቁራሽ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ተከተልኋቸው። ቁራሹን መዳፏ ላይ አኖሩላት፤ መዳፏ አልጨበጠውም። ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ልጅቷ አነሣችው፣ በላች፣ እናቷ የተኛች መስሏት ግማሹን አስቀረችላት።

ቄሱ ከኋላችን መጥተው ቆሙ። «ጠብቂ ያላት ማነው?» አሉ። «ለሚሞት ሰው ምን ሥርዓት አለው? ይሄንን ትንሹ ዲያቆን ያውቀው የለም ወይ?»

«እኔ ነኝ» አሉ አብዬ። 

ጎረቤታችን አያ ቢተው፣ ከእጁ አፉ የሚቀድመው ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ሙሴ፣ ተስቦ እንዳይሆን አይንኳት» አለ። «ደግሞስ ማኅበርተኛችን አይደለች፤ ማን ጉድጓድ ሊቆፍር ነው በዚህ ጭቃ?»

«ሰንበቴ ነበረኝ ብላለች፤ ሰምቻለሁ። አንተ ባትቆፍር እኔ እቆፍራለሁ።»

አብዬ ዶማ አነሡ። እናቴ አጥባ በዚያው በአብዬ ጋቢ ገነዘቻት፤ ቄሱ ፈቷት። የቀሩት ሰንበቴው ቤት ገብተው የየድርሻቸውን በሉ። እኔም የደረሰኝን በላሁ።

ልጅቷ ስንዱ ትባላለች። እኛ ቤት መጣች። ብዙ ጊዜ አፏን አልከፈተችም፤ ከምሰሶው ጀርባ ትቀመጣለች፣ ስትሰማ እንኳ መስማቷ አይታወቅም። አብዬም ከዚያን ወዲህ ምሽት ምሽት ፍሙን ይገልጡታል እንጂ ተረት አይጀምሩም። አንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜ «አብዬ፣ የድንጋዩን» እያለ ቢነዘንዛቸው ጊዜ ጀመሩለት። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ንፉጉ ማለ፣ ሴትዮዋ ሄደች፣ መሶቡን ሲከፍት… ዝም አሉ።

«ድንጋይ!» አልን።

«አልሆነም» አለ ከምሰሶው ጀርባ የወጣ ድምፅ።

ሁላችን ዞርን። ስንዱ ዓይኗን ፍሙ ላይ ተክላለች። «ድንጋይ አልሆነም። ለስላሳ ነው። እኔ በልቼዋለሁ።»

አብዬ ጭራሮውን አስቀመጡ። ተነሥተው ወጡ። 

በማግሥቱ ቄሱ ዘንድ ሄዱ። በእሑዱ ቅዳሴው ሳይገባ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዳቦው ወደ ደጀ ሰላሙ ወጣ፤ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው መጥተው ባረኩት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል እንኳ አልፈጀም። ይቺን ነበር ያቺ ሴት ስትጠብቅ የሞተችው።

ሌሊቱን ቅጥሩ ሥር ያደረው የቆላ ሰው ተሰለፈ፤ አብዬ ቆርሰው ያድላሉ። አያ ቢተው አሁንም መጣ።

«ሙሴ፣ አባቶቻችን ያላደረጉትን! ከቅዳሴ በፊት ዳቦ ይቆረሳል?»

«ተባርኳል። ዓይን የለህም?»

«ለማኅበርተኛውስ ምን ሊተርፈው ነው?»

«አሃ!» አሉ አብዬ፤ «እኔ ደግሞ ለሥርዓቱ የተቆረቆርህ መስሎኝ። ለካ ሆድህ ኖሯል።»

ሰው ሳቀ፤ አያ ቢተው ግን ዳቦ ማምጣቱን ተወ፣ ሌሎችም አብረውት ተዉ። በየእሑዱ የሚመጣው የተራበ ሰው ሲበዛ ዳቦው እያነሰ ሄደ። ሁሉም አልዳነም። አብዬ የሚሞተውን እያጠቡ፣ የሚተርፈውን እያጎረሱ ክረምቱን ገፉ፤ የፈሩት ተስቦ አደይ ሳይፈነዳ እሳቸውንም ወሰዳቸው። መቃብራቸውን የቆፈረው አያ ቢተው ነው፤ እያጉረመረመ፣ ግን ዶማውን ለሌላ ሰው አልሰጠም። የተቀበሩትም ከዚያች ሴት አጠገብ ነው፤ ራሳቸው ተናዝዘውበታል።

ስንዱ ከእኔ ጋር አድጋ እስቴ ተዳረች፣ ወለደች፣ ከበደች። የሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ግን ዳቦዋን ሳትከድን በማለዳ ደጇ ላይ ታወጣዋለች አሉ። የባሏ ዘመዶች የሚያሟት ነገር ሁሉ ይሄ ነበር፤ ዝንብ ያርፍበታል እያሉ። ይረፍበት!

ድንጋዩ ዛሬም መንገዱ ዳር አለ። እኔም በተራዬ ለልጅ ልጆቼ ተረት አወራለሁ፤ እንደ አብዬ የሚያወራ አልተወለደም፣ ካወሩ ዘንድ ግን ከማንም አላንስም። ፍሙን ገልጬ፣ እስኪቀላ አይቼ፣ ንፉጉን አስምዬ፣ መሶቡን ሲከፍት ስል ልጆቹ «ድንጋይ!» ይሉኛል፤ ከየት እንደሰሙት እንጃ።

«አይደለም» እላቸዋለሁ። «ዳቦ። እንደተከደነ፣ እንደለሰለሰ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በላነው።»