ድንበር ያላቋረጠው ሦስት መቶ ብር

ልሳነወርቅ በሌላ አይታማም። ሌባ አይደለም፥ ውሸታም አይደለም፥ የተቸገረ ሰው አይቶ አያልፍም። ጥርጣሬ ግን፥ ኧረ ጥርጣሬስ! እግዜር ለመቶ ሰው ያዘጋጀውን በእሱ ላይ ብቻ ገልብጦበታል። አሜሪካ፥ አሌክሳንድሪያ ያለችው ቤቱ በሯ ላይ ሦስት ቁልፍ አላት፤ ሦስተኛውን ያስገጠመው ሁለተኛውን የገጠመለትን ሰው ስለተጠራጠረ ነው። ሐኪም ጋ ሲሄድ ከመታከሙ በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲግሪ ጠጋ ብሎ ያነባል። ሦስት ጊዜ ሊያገባ ታስቦ ሦስት ጊዜ «ትንሽ ላጣራ» አለ። ሲያጣራ፥ ሲያጣራ፥ ሦስቱም ሌላ ሰው አገቡ።

አገር ቤት የሚደውልበትን የስልክ ካርድ እንኳ በእጅ ሰዓቱ ይለካዋል። ሠላሳ ደቂቃ የተባለው በሃያ ስድስተኛው ላይ ጭጭ ሲል፥ «አራት ደቂቃ ተሰረቀ» ብሎ ማስታወሻው ላይ ቀን ጨምሮ ይጽፋል። ማንን እንደሚከስ አይታወቅም፥ ብቻ ይጽፋል።

አትፍረዱበት። አዲስ አበባ ሳለ የመንግሥት ኦዲተር ነበር፤ እንጀራው ሰውን አለማመን ነበር። ከዚያ ደርግ መጣና የጠረጠረ በሱዳን በኩል ሲወጣ ያመነ ከቤቱ ተለቅሞ ታሰረ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ልሳነወርቅ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። አሜሪካ ደግሞ ምን ሰጠችው? አሌክሳንድሪያ የአንድ የፓርኪንግ ጋራዥ፥ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ፥ ቲኬት መቀበያ ቡዝ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ቀኑን ሙሉ «ቲኬቴ ጠፋብኝ» የሚል ፈረንጅ ዓይን ዓይኑን ሲያይ ይውላል።

ይህ ሰው ያመነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኪዳን። ኪዳን ወላጆቹ ከአስመራ የመጡ፥ እሱ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፥ እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፥ ከሰውነቱ ሳቁ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። እዚያው ጋራዥ ውስጥ ልሳነወርቅ ታች ቲኬት ሲቀበል ኪዳን ላይኛው ፎቅ ላይ የደንበኞችን መኪና ያቆማል። ልሳነወርቅ አንድ ቀን ሊፈትነው ብሎ ሃያ ዶላር ደረጃው ላይ ጣል አደረገ። ኪዳን አንሥቶ አመጣለትና፥ «በሚቀጥለው ሃምሳ አድርገው፤ በሃያ ዶላርማ ማን ይፈተናል?» አለው። ልሳነወርቅ አፍሮ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ኪዳንን አላጣራውም።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። የልሳነወርቅ እናት ወይዘሮ የሻሽወርቅ አስመራ ነው የሚኖሩት። የስልክ ሠራተኛ የነበረ የአስመራ ሰው አግብተው ገቡ፥ ባላቸው ሲሞቱ ቤቱና ስልኩ ቀረላቸው፥ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። ወንድሙ እንዳልካቸው ግን አዲስ አበባ ነው። የኪዳን ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ እናቱ ወይዘሮ ፀዳለ አርባ ዓመት ከኖሩበት ከአዲስ አበባ ቤታቸው አልነቃነቅም ብለዋል፥ እኅቱ አብርሆት አስመራ ትሠራለች። እንግዲህ አንዱ ልጅ የሌላው እናት ጎረቤት ሆኖ የራሱን እናት በሩቁ ይናፍቃል።

ፖስታም ባንክም የማያምነው ልሳነወርቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 መላ ዘየደ። አብርሆት ለእናቷ የምትልከውን ሦስት መቶ ብር እዚያው አስመራ ለወይዘሮ የሻሽወርቅ ትስጥ። እንዳልካቸው ለእናቱ የሚልከውን ሦስት መቶ ብር እዚያው አዲስ አበባ ለወይዘሮ ፀዳለ ይስጥ። ገንዘቡ ተራራ አይወጣ፥ ድንበር አያቋርጥ፥ የማንም እጅ አይነካው! ኪዳን ጭብጨባውን ለቀቀው። «ሰው አላምን ብለህ ሰው ማመን ብቻ የሚያስኬደው ነገር ፈጠርክ» አለው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ብሩ አንድ ስለነበረ ነው። ኤርትራ ለብቻዋ አገር ከሆነች በኋላም እዚያም እዚህም የሚገዛው ያው ብር ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ገበያችንም ገንዘባችንም አንድ ይሁን ብለው ሲፈራረሙ፥ ልሳነወርቅ ወሬውን ጋዜጣ ላይ አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። «አንድ ኪስ፥ ሁለት እጅ። ይቺ ነገር አታምረኝም» አለ። ኪዳን ግን፥ «እኛስ ምንድን ነን? ይኸው እኛም አንድ ኪስ አይደለን?» ይለዋል።

ወይዘሮ ፀዳለ ደግሞ ልሳነወርቅን ዓይኑን ሳያዩት እንደ ልጃቸው ወደዱት። በዓመት ሁለቴ፥ ለእንቁጣጣሽና ለገና፥ ይደውልላቸዋል። «ስምህን በየወሩ መጀመሪያ እየጠራሁ ነው የምመርቅህ» ይሉታል። እሱም ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ፈክቶ ይውላል፤ ለዚያ ቀን ካርዱን እንኳ አይለካም።

በፈረንጆቹ 1997፥ ኅዳር ላይ አስመራ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ ናቅፋ። አዲስ አበባም የራሷን ኖት ቀየረች። በታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ልሳነወርቅ ለእናቱ ደወለ።

«አብርሆት መጣች?»

«መጥታለች ልጄ። አዲሱን ገንዘብ ነው ያመጣችልኝ። ልስልስ ያለ ነው፥ ገና አልለመድኩትም።»

«ስንት?»

«ሦስት መቶ ነዋ።»

«የምን ሦስት መቶ?»

እናትዮዋ ጥያቄው አልገባቸውም። ለልሳነወርቅ ግን በሚገባ ገብቶታል። ወንድሙ የሚሰጠው ብር ነው፤ አብርሆት የምትሰጠው ግን ከተወለደ አንድ ወር ያልሞላው ወረቀት ነው። በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ኪዳንን ያዘው።

«አንድ ለአንድ ነው ተብሏል» አለ ኪዳን።

«ማነው ያለው?»

«መንግሥት።»

«የትኛው? የአዲስ አበባው እንደሆነ ንግዱ በዶላር ይሁን ነው ያለው።»

«እና እኅቴ ዶላር ታትም? ስማ፥ እናትህ በዚያው ገንዘብ ዳቦ ገዝታለች። ዳቦ ሻጩ ተቀብሏታል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

 ልሳነወርቅ ሲሸነፍ ክፉ ነው። «ለነገሩ እናንተ ምን ጊዜ እውነቱን ነግራችሁን ታውቃላችሁ?» አለው።

የኪዳን ሳቅ ጠፋ። «እናንተ?» አለ። «አምስት ዓመት ሙሉ ኪዳን ነበርኩ፤ ዛሬ እናንተ ሆንኩ?» መኪናውን ሊያቆም ወደ ላይ ወጣ። በዚያው ሳምንት የሥራ ሽፍቱን አስቀየረና ሁለቱ መገናኘት ቀረ።

ልሳነወርቅ ለወንድሙ ደወለ። «እስካጣራ ድረስ የሴትዮዋን አቁም። ብሩን አትንካው፥ በፖስታ አሽገህ አስቀምጥ።»

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበል።»

እንዳልካቸው ታዛዥ ነው፥ አቆመ። አብርሆት ግን አላቆመችም። በጥር ሰጠች፥ በየካቲት ሰጠች። ወንድሟ እንኳ «ተዪው» ብሏት፥ «አሮጊቷ የኔ ጎረቤት ናት፥ ያንተ አይደለችም» ብላዋለች አሉ። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ያፍራል። የኛ ሰው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ! ዋጋ ቢኖረው ኖሮ፥ እኛ አቁመን እሷ ትሰጥ ነበር?» አለ። ለዚህ ሰው ደግነትም ማስረጃ ነው፤ የተንኮል ማስረጃ።

ለገናም ለወይዘሮ ፀዳለ አልደወለም። ምን ብሎ ይደውላል? ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ጊዜ መለሰው። አፍሮ ነበር፤ ግን ማፈሩን ጥንቃቄ ነው ብሎ ጠራው።

በግንቦት በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ፈነዳ። እዚያ ድንበር ላይ ሰው ሲረግፍ እዚህ ሰው ሰላምታ ይነፋፈግ ጀመር፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላ የነበረ ሁሉ ስፕሪንግፊልድና ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ምግብ ቤት ለየ። ልሳነወርቅ፥ «አላልኩም?» እያለ ቆየ። በሐምሌ መጨረሻ ግን እንዳልካቸው ደወለለት።

«በሴትዮዋ ቤት በኩል አለፍኩ። በሩ ታሽጓል። ኤርትራዊ ናቸው ተብለው በአውቶቡስ ወደ አስመራ ተልከዋል አሉኝ፤ አንዲት ሻንጣ ይዘው።»

ልሳነወርቅ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ስምንት ወር። ሴትዮዋ በየወሩ መጀመሪያ በራቸውን ሲያዩ ታዩት። «ፖስታው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለ። አልተነካም።»

«አልተነካም» የሚለው ቃል ኩራቱ ነበር፤ ኦዲተር አይደል? ያን ቀን ግን ቃሉን ደግሞ ሊሰማው አልፈለገም። ማጣራቱ ምን ላይ ደርሶ ነበር? የትም። አንድ ቀን ተነሥቶ አጣርቶ አያውቅም። ለኪዳን ልደውል ብሎ፥ «አሁንማ ምን ብዬ» አለና ተወው።

በነሐሴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሃያ ደቂቃ ካርድ ገዝቶ ለእናቱ ደወለ። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ፥ ደህና ነህ? እኔ እንግዳ ይዣለሁ» አሉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የአብርሆት እናት ትናንት ገቡ፥ እንደዚያ ተንገላተው። ዛሬ አብርሆት ሥራ ስትሄድ በማለዳ እኔ ጋ መጡ። ቁጭ ብለው እኔን ያያሉ፥ ያለቅሳሉ። ‹አይዞሽ፥ ብቻሽን አትሆኚም› ይሉኛል። ስለ ቤታቸው የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ግን የሚያዝኑት ለኔ ነው። እስቲ አንተ አናግራቸው፥ ያውቁሃል አይደል?»

«እማዬ፥ ቆይ…» ሊል ሲል ስልኩ ተላልፏል።

«አቤት፥ ማን ልበል?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«እማማ፥ ልሳነወርቅ ነኝ።»

 

«ማን?»

«ልሳነወርቅ። የኪዳን ጓደኛ።»

«በስመ አብ! በስመ አብ ወወልድ! አንተ! ድምፅህ ነው! የሻሽዬ፥ ልጅሽ አለ! አለ እኮ!» ስልኩ ከእጃቸው ወድቆ ቋ አለ። ከሩቅ እልልታ ተሰማ፤ እናቱ ግራ ተጋብተው፥ «የት ሄዶ ነበር?» ሲሉ ይሰማል። ወይዘሮ ፀዳለ እያለከለኩ ተመለሱ።

«የሞትክ መስሎኝ ነው ልጄ! ብሩ ቀረ። ወንድምህ መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ለገና አልደወልክም። ኪዳንን ‹ልሳነወርቅ እንዴት ነው?› ስለው፥ ‹አለ፥ ደህና ነው› ብሎ ወሬ ያስቀይረኛል። እንደሱ የሚባለው መቼ እንደሆነ አላውቅምና ነው? መርዶ እንደደበቁኝ ገባኝ። ልጆቼ ከደበቁኝ እንዳላወቀ ልሁን ብዬ፥ ብቻዬን አለቀስኩህ። ፍትሐት አስፈታሁልህ። አርባህን ለነዳያን ዳቦ አበላሁልህ።»

ልሳነወርቅ ወሮቹን በጣቱ ቆጠረ። የካቲት ላይ ነው አርባው። ብሩ በታገደ በሦስተኛው ወር። ያን ዳቦ በምን ገዙት?

«እዚህ ስደርስም እናትህን አየኋት፤ ምንም አልሰማችም። አንድ ቀን ሲያረዷት አጠገቧ ሰው ይኑር ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ይኸው እግዜር የሠራውን! ተመስገን፥ ተመስገን ጌታዬ!» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።

«ካልሞትክ ግን» አሉ፥ «ታዲያ ምን ሆነህ ነው የቀረህብኝ?»

ድምፃቸው ላይ ክስ የለበትም። የምር ጠየቁት እንጂ። እንደ ታመመ ልጅ ነው የጠየቁት፤ ታስሬ ነበር ቢላቸው ያምናሉ፥ ታምሜ ነበር ቢላቸው ያምናሉ፥ ምንም ቢላቸው ያምናሉ።

ልሳነወርቅ ሰዓቱን አየ። አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። አራት ደቂቃ ሰርቆ የሚቆረጠው ያ ካርድ፥ ስንት ዓመት የረገመው ካርድ፥ አሁን ቢቆረጥለት ምን ነበረበት? ጠበቀ። አሥራ ሰባት ሆነ። መስመሩ ጥርት ብሎ፥ የአስመራ ውሻ ሲጮኽ እንኳ ይሰማል።

ካርዱ አልተቆረጠም።

«በል ንገረኝ ልጄ፥ እየሰማሁህ ነው» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።