ሰው አለው

ጎማዬ እስኪለጠፍ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ሰው አሮጌ ሞተር ብስክሌት እየገፋ መጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ አንደኛው ቁልፍ ግን ስፌት ባልለመደ እጅ፣ በሌላ ቀለም ክር የተተከለ ነው። አንድ ሄልሜት አድርጓል፤ ሌላ ትንሽ ሄልሜት ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው የኋላ መቀመጫውን ይጫናል። ሲለቀው መቀመጫው ብድግ ይላል።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። "ጋሼ፣ ይሄ መቆለፊያ ከሞተ ቆየ እኮ። እስካሁን እንዴት ነዱት?"

"ከኋላ ሰው ይቀመጥበት ነበር" አለ ሰውዬው። "ሲቀመጡበት አይነሳም።"

መካኒኩ የተበላውን መንጠቆ በሞረድ አስተካከለ፣ የላላውን ሞላ ቀየረና መቀመጫውን ተጫነው። ቀጭ አለ።

"በሉ ያስነሱት፤ እኔ ከኋላ ልውጣና አንድ ዙር እንሞክረው።"

ሰውዬው መዳፉን መቀመጫው ላይ ዘረጋ። "ሰው አለው" አለ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እንደያዘ ተሳፋሪ።

መካኒኩ ዞር ብሎ መንገዱን አየ። እኔም አየሁ። የሚመጣ ሰው የለም።

ሰውዬው ያለው ነገር ለራሱም የገባው ዘግይቶ ነው። አንገቱን ደፋ።

"እሺ ጋሼ" አለ መካኒኩ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ "ለማንኛውም ከእንግዲህ ማንም ባይቀመጥበትም አይነሳም።"

ሰውዬው አስነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ካለው ጉድጓድ ሲደርስ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኋላ ልኮ መቀመጫውን ተጫነ። መቀመጫው አልተነሳም። እሱም እጁን ሳያነሳ ሄደ።