ቀይዋ መብራት

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። መቀስ ይዛ ያደገች ሴት በዚህ ዕድሜዋ “አጭር ፊልም መሥራት ልማር ነው” ስትለኝ፣ “ምነው፣ ጤና የለሽም እንዴ?” አልኳት። አልሳቀችም።

“አባዬ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አንሰማውም። እንዳለ ላስቀረው ነው” አለችኝ።

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ሲጠራ ከሰፈሩ ጫፍ ይሰማል፤ “ጥሩምባ” ነበር የሚሉት። አሁን ሐኪሙ “እባጩ ከነድምፁ ካልወጣ ይገድለዋል” ብሎ ቁርጡን ነግሮናል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በወጣቶች ማዕከል ነው። ተማሪዎቹ በዕድሜ ልጆቿ ይሆናሉ፤ “እትዬ” ይሏታል። እየመጣች እኔን ታደርቀኛለች፦ “መስኮት ከሰው ጀርባ አይሁን፣ ፊቱ ይጠቁራል። ካሜራው ሦስት እግሩ ላይ ይቁም። ምስል ቢበላሽ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ከተበላሸ ግን ጥሎ ይሄዳል።” ካሜራው አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለሆነ ቁልፉን የሚነኩት ቀልጣፎቹ ናቸው። እሷ ማይክ እንደያዘች ትምህርቱ አለቀ።

ካሜራውን ተውሳ መጣች። አባዬ እሷ የሰፋችለትን ሸሚዝ ለብሶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ቁልፉን ተጫነች። ቀይ መብራት በራች።

“ቆይ አባዬ፣ ገና ነው።” ጠበቀች። መብራቷ አልጠፋ ስትል ደግማ ተጫነች። ጠፋች። “አሁን! ተናገር!”

ወይ አባዬ! እናታችን አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት መውረጃዋ ሲያልፍ እንዴት እንደቀሰቀሳት አወራ። የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ መረቀ። ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ መንገደኛ ጠራ። ሲደክመው እህቴ ቁልፉን ትጫናለች፣ ውሃ እንሰጠዋለን፣ ደግማ ትጫንና እንቀጥላለን።

ሆስፒታል ገብቶ ወጣ። ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ ቀረ። በዚያ ሁሉ ሩጫ የተቀረጸውን ያየ አልነበረም። ቤት ሲመለስ እህቴ “ና አባዬ፣ ራስህን ስማ” ብላ ካሜራውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው።

“ቆይ አባዬ፣ ገና ነው” የሚል የራሷ ድምፅ ተሰማና ተቆረጠ። ቀጥሎ ሳል። ውሃ ሲጠጣ። “ያ ወንድምሽ ምን ተገትሮ ያየኛል? ወንበር ስጪው።” ተቆረጠ። ደግሞ ሳል። “ወገብሽ አልደከመም፣ ልጄ?” ተቆረጠ። እናታችን የለችም፣ ምርቃቱ የለም፣ ጥሪው የለም።

የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። “እንደ ካውያው መስሎኝ…” አለች። የእሷ ካውያ ቀይ ሲያበራ ገና አልጋለም ማለት ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ነው ሥራ የሚጀመረው። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው ይህንን ነው። ለካ አባዬ ሲናገር ካሜራው ተኝቶ፣ ሲያርፍ ብቻ ነው የቀረጸው።

መጨረሻው ላይ አባዬ ላቡን እየጠረገ ይጠይቃታል።

“ሁሉም ገባልሽ?”

“ገብቷል አባዬ። አንዲት ቃል አልቀረችም።”

“ተመስገን። እንግዲህ ድምፄን ይውሰዱት።”

እህቴ እግሩ ሥር ተደፍታ “ገደልኩህ አባዬ፣ ገደልኩህ” እያለች ተንሰቀሰቀች። አባዬ ራሷን ዳበሰና ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረ። ድገሚው ማለቱ ነው። ደገመችው።

“ወገብሽ አልደከመም፣ ልጄ?” አለ ድምፁ። አባዬም አብሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።