ጥያቄ የማያልቅባት ጃፓናዊት

እስቲ ይህን መጽሐፍ ከፊቴ አንሣልኝ። ወይም ተወው፣ ይቀመጥ። አዲስ መጽሐፍ ሲገለጥ የሚወጣው የሙጫ ሽታ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ የዚህ ግን ያናድደኛል። ሽፋኑን አየኸው? ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሮዝ ፍላሚንጎ! አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሞ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ መላጣ ስለሆነ ለሽፋን አልበቃም መሰለኝ። ከሽፋኑ እንዲህ የጀመረ መጽሐፍ ውስጡ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምት።

አንተ የመጣኸው ስለ ጃፓናዊቷ የድርሰት ሕይወት ልትጠይቀኝ ነው። ተቺዎች "የዝምታ ደራሲ" ይሏታል አልከኝ፤ አንተም በመመረቂያ ጽሑፍህ ላይ እንዲሁ ብለሃታል። ልጄ፣ እኔ ያቺን ሴት አውቃታለሁ። በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ስታደነቁረው የኖረች ሴት ናት።

ስትመጣ ደራሲ አልነበረችም፤ የዓሣ ባለሙያ ሚስት ነበረች። ባሏ ሐይቁ ላይ ሲያጠና ይውላል፣ እሷ ደግሞ ቤት መቀመጥ አይሆንላትም። እናቴ አሞራ ገደል አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ በምስማሮቹ ቀዳዳ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ነጠብጣብ ታበዛለች፤ ቤቱ ሁልጊዜ የተጠበሰ ዘይትና ሎሚ ይሸታል። ሴትየዋ አንድ ቀን ገብታ ጥሬ ዓሣ በዳጣ አዘዘች፣ ዳጣው አቃጥሎ እንባዋን አወረደው፣ በማግስቱም መጣች። ከዚያ ወዲያ የጥጉ ጠረጴዛ የእሷ ሆነ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ፣ ማንም ሳይቀጥረኝ አስተርጓሚ ሆንኩ። ያ ሰውዬ አምባዛ የማይበላው ለምንድን ነው? ትለኛለች። ቅርፊት የለውም፣ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። ይኼኛውስ ለምን ይበላል? ጴንጤ ነው። ታዲያ ሲጸልይ ዙሪያውን የሚያየው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ እግሯን በጠረጴዛው ሥር እረግጣታለሁ፤ ምክንያቱም ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የቀበሌው ሰው ተቀምጧል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰልችቶት "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል በያት" አለኝ። ተረጎምኩላት። ሐይቁ ውስጥ ዘንዶ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

መጀመሪያ እርስዎ እላት ነበር። በሁለተኛው ወር አንቺ አልኳት፣ በዚያው ቀረ።

እናቴ ግን ወደደቻት። የሰው አገር ሰው ናት፣ ካልጠየቀች በምን ታውቃለች ትለኛለች። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ያወሩ ነበር፤ እናቴ እየሠራች ታወራለች፣ ያቺ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። አማርኛውን የለመደችው ከእናቴ ነው፤ ጥያቄውም በሁለት ቋንቋ ሆነልኝ።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቶ ነበር። የማትሪክ ፈተናዬ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ የወንድሜን ሞት ለእድራችን ሊቀመንበር ነገራቸው። መቼም መርዶ እንደ ወሬ እንደማይነገር ታውቃለህ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚያረዳውም ትልቅ ሰው ነው። የእናቴ ዘመድ አንድ ወንድሟ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ነገሌ ቦረና ናቸው። ሊቀመንበሩ ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ወሰዱኝ።

"አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ" አሉኝ። "አጎትሽ እስኪደርሱ እናትሽ ምንም መስማት የለባትም። ፊትሽን ጠብቂ።"

ፊቴን ጠበቅሁ። ወንድሜ ሞቶ እየሳቅሁ ሳህን አመላለስኩ። ጓሮ ዞሬ እጄን ነክሼ አለቅሳለሁ፣ ታጥቤ እመለሳለሁ። ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም አፉን ይዟል። ጎረቤቶች ጨው ልንበደር ነው እያሉ ይመጡና እናቴን አይተው ጨውን ረስተው ይሄዳሉ። ፈተናውንም የተፈተንኩት ብቀር ትጠረጥራለች ብዬ ነው እንጂ ምን ልብ ነበረኝ።

በዚህ መሀል ነው ጃፓናዊቷ ከጥጓ ቀና ያለችው። እናቴ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ "ዛሬ ዓሣ ሻጮቹ ከእናትሽ ጋር ለምን አልተከራከሩም?" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እናቴ በዚያ ገበያ በክርክር የታወቀች ነበረች፤ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ለመግዛት የሻጩን ዘር ማንዘር ታነሣለች፣ እሱም የእሷን ያነሣል። በዚያ ጠዋት ግን ያለችውን ዋጋ ተቀብለው፣ መርጠው፣ ጨምረው ሰጧት። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። ዓሣ ስለበዛ ነው አልኳትና በክንዷ እየጎተትኩ ወደ ውጭ አወጣኋት። እውነቱን በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ አፍሽን ብትከፍቺ ሐይቅ እጨምርሻለሁ ብዬም ዛትኩባት።

ተመልሳ ጥጓ ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላ ጭጭ አለች። የሚጠይቅ ሰው ድንገት ዝም ሲል ደግሞ አይታወቅም? እሱም አበሳጨኝ። በማግስቱ በጆሮዋ "ጠይቂ እንጂ" አልኳት። የሎሚ ዛፍ በስንት ዓመቱ ያፈራል ብላ ጠየቀች።

አጎቴ የደረሱት ፈተናዬን በጨረስኩ ማግስት ነው። በማለዳ እድርተኛው ደጃችን ተሰበሰበ፣ አጎቴ አረዷት። እናቴ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፣ ወደቀች። እኔም አብሬያት ወደቅሁ። ከዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ግን አንድ የምጽናናበት ነገር ነበረኝ፤ እናቴ ነገሩን ከመንገድ አልሰማችም፣ በወጉ ነው የተረዳችው፣ እዚያ ያደረስኳትም እኔ ነኝ። ይህን ይዤ ነው የኖርኩት።

ሴትየዋ በዚያው ዓመት ከባሏ ጋር ወደ አገሯ ሄደች። ቀጥሎ ያለውን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ፤ ባሏን ፈታች፣ መጽሐፍ መሸጫ ተቀጠረች፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን የገዛ የለም፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛው ይህ ባለ ፍላሚንጎው ነው። ተሸለመ፣ በየቋንቋው ተተረጎመ፣ እሷም ትልቅ ደራሲ ተባለች። እናቴ ስትሞት በደብዳቤ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ አነበብኩት። የእናቴን ምግብ ቤት ሆቴል አድርጋዋለች። እኔን ወንድ አድርጋኛለች። ይሁን፣ ድርሰት ነው አልኩ። መጨረሻው ላይ ግን እናትየው መርዶው ሳይመጣ የልጇን ሞት ታውቃለች፤ አውቃም ዝም ትላለች። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ወረወርኩት።

አምና ሐዋሳ መጣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ጥያቄዋ አልቀነሰም። ሐይቁ ዳር ተቀመጥን፤ ሻዩ ሳይመጣ ያመቅሁትን አወጣሁት። እኔን እንደፈለግሽ አድርጊ፣ በእናቴ ላይ ግን ለምን ዋሸሽ አልኳት።

"ሌላውን ሁሉ ፈጥሬዋለሁ" አለች። "እሱን አልፈጠርኩም። እናትሽ ነግረውኝ ነው።"

ነገሩ የሆነው በዚያው ዓሣ ሻጮቹ ባልተከራከሩበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። እናቴ የነገረቻትን ቃል በቃል ይዛዋለች።

"ዛሬ ማንም አልተከራከረኝም። እንዲህ የሚታዘንለት ልጁ የሞተበት ሰው ነው። ልጄ እንዳወቅሁ አትስማ፤ ከሰማች ፈተናውን ትተዋለች። አደራ።"

ንዴቱ መጣ። ይህን ያህል ዘመን ከእኔ ደብቀሽ ለጃፓን ሕዝብ በሙሉ ነገርሽ አልኳት። አደራው አንቺን ብቻ የሚመለከት ነበር፣ እናትሽ እስኪያልፉም ጠብቄያለሁ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቆማ ነበር ወይስ ተቀምጣ? ስሙን ጠራችው? ድምፅዋ እንዴት ነበር? እሷም አንድ በአንድ፣ ሳትሰለች መለሰችልኝ። በመጨረሻ አለቀሰች ወይ አልኳት።

"መለየት አልቻልኩም" አለችኝ። "ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።"

ሽንኩርት መክተፍ የእኔ ሥራ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን እናቴ አንቺ አጥኚ ብላ ቢላዋውን ከእጄ ወስዳዋለች። ተገላገልኩ ብዬ ነው የሰጠኋት።